ባናሽ ስኮትላንዳዊት ሆነች

ይድረስ ለውድ እናቴ፣ መሐል ሜዳ

እማ፣ እኔ ከናፍቆታችሁና ከአከራዬ በስተቀር አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ። ማሙሽ፣ ጮክ ብለህ አንብብላት። ያለፈውን ደብዳቤ ግማሹን ዘለህ፣ ግማሹን ከራስህ ጨምረህ እንዳነበብከው ሰምቻለሁ። ዛሬ የሚዘለል ካለ እኔው እነግርሃለሁ።

እማ፣ ለንደን የምኖርበት ቤት በሩ ላይ 1887 የሚል ቁጥር ተቀርጾበታል፤ በፈረንጆቹ ነው፣ ንግሥት ቪክቶሪያ የነገሠችበትን 50ኛ ዓመት ያከበረችበት ጊዜ መሆኑ ነው። የአከራዬን ዕድሜ ደፍሬ አልጠየቅሁም፤ ሲራመዱ ግን ወለሉና ጉልበታቸው እኩል ሲጥ ይላሉ። ታዲያ ከሁለት ወር በፊት ጠሩኝና “ሳሎኑን እንደ ጥንቱ ቪክቶሪያዊ አድርገህ ብታስጌጥልኝ የአንድ ወር ኪራይ እተውልሃለሁ፤ ለዕቃው ደግሞ 150 ፓውንድ” አሉኝ። ይህ ገንዘብ እዚያ ሆነሽ ስትሰሚው ብዙ ይመስላል። ዊልያም ሞሪስ የሚሉት ሰው የነደፈው ባለ አበባ የግድግዳ ወረቀት አለ፤ ከሱቅ ልግዛ ካልሽ አንዱ ጥቅል ብቻ ግማሹን ይጨርሰዋል። እኔ ግን አፌን ሞልቼ “ይቻላል” አልኩ። አባባ “ይቻላል” ብሎ የጀመረው የውሃ ጉድጓድ ትዝ ያለኝ እጅ ከተጨባበጥን በኋላ ነው።

መጀመሪያ ነገሩን ልማር ብዬ በንግሥቲቱና በባሏ ስም ወደሚጠራው ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ሄድኩ፤ መግቢያው ነጻ ነዋ። በ1868 እንግሊዞች ከመቅደላ የወሰዱት የወርቅ ዘውድና ጽዋ ያለውም እነሱ ዘንድ ነው። ይህችን ያዢልኝ፣ እመለስባታለሁ።

እና የዚያን ዘመን ሳሎን ምን ይመስል ነበር መሰለሽ? ባዶ ቦታ መተው ነውር ነው። ወፍራም መጋረጃ፣ ከሥሩ ሌላ መጋረጃ። ግድግዳው ሙሉ የዘመድ ፎቶግራፍ። ማንም የማይጠጣባቸው ሲኒዎች የተደረደሩበት ባለ መስታወት ቡፌ። ብርጭቆ የተደፋበት የሰም አበባ። ጠረጴዛው ላይ ዳንቴል፣ ወንበሩ ላይ ዳንቴል፣ ዳንቴሉ ላይ ዳንቴል። ብቻዬን ቆሜ ስስቅ ጥበቃው መጥቶ “ደህና ነህ?” አለኝ። እማ፣ ይኼ እኮ የእትዬ ሳሎን ነው! የጎደለው ቴሌቪዥኑ ላይ የምትቀመጠው አንገቷ የተጠገነው ድመት ብቻ። ማን እንደሰበራት ዛሬም አልናገርም።

ደግሞ ይህን ስሚ፦ የወንበር መደገፊያ ላይ የሚጣለው ዳንቴል ለጌጥ ብቻ አልነበረም። ያን ጊዜ ወንዶቹ የማካሳር ዘይት የሚሉትን ጸጉራቸውን ይቀቡ ነበርና ወንበሩን እንዳያበላሹት ነው፤ በእንግሊዝኛ ስሙ ራሱ “ፀረ ማካሳር” ነው። እትዬ ቅቤዋን ተቀብታ በመጣች ቁጥር አንቺ ፎጣ ይዘሽ ከኋላዋ የምትሮጪው፣ ለካ ሥልጣኔ ኖሯል። (ማሙሽ፣ እትዬ ካለች ይህችን ዝለላት።)

የግድግዳ ወረቀቱን ቤቱን አሳድሶ ከጨረሰ ሰው ትራፊ ሦስት ጥቅል በ20 ፓውንድ አገኘሁ። አረንጓዴ ነው። አከራዬ ሲያዩት ትንሽ ፈራ አሉ፤ በንግሥቲቱ ዘመን አረንጓዴውን ቀለም በአርሴኒክ ይሠሩት ስለነበር ግድግዳው ሰው ይመርዝ ነበር አሉ። የእኛ ቤት ግድግዳ ላይ የተለጠፈው አዲስ ዘመን ጋዜጣ ቢያንስ ፊደል አስቆጥሮኛል። አባባ ዘቅዝቆ ስለለጠፈው ግን ይኸው ዛሬም ጋዜጣ ሳነብ አንገቴ ይጣመማል።

ሶፋውን ከመንገድ ነው ያገኘሁት። እዚህ ሰው ያረጀ ዕቃውን ደጅ ያወጣዋል፣ የፈለገ ያነሳዋል። ከጓደኛዬ ጋር በሌሊት ተሸክመን ስንሄድ ፖሊስ አስቆመንና “ወዴት ነው?” ሲል፣ ጓደኛዬ ላብ እያጠመቀው “ወደ 1887” አለው። አሳለፈን። ሶፋው አንድ እግር የለውም፣ መቀመጫውም እንደ አያ ጎበዜ ኮት ተተርትሯል። የቀረው ገንዘብም በሌላው ዕቃ አልቋል። ያን ጊዜ ነው ስመጣ በግድ ያሸከምሽኝ የበግ ጠጉር ባና ትዝ ያለችኝ። አውጥቼ አለበስኩት፤ እግሩም ቀዳዳውም ተሸፈነ። የእኅቴን ዳንቴል ከላይ ጣል አደረግሁበት። “ሻንጣዬን በባና ሞላሽው” ብዬ የጮኽኩብሽን እርሺው።

እሑድ አከራዬ ሻይ ጠርተው አንድ ሰውዬ አመጡ፤ የጥንት ዕቃ አዋቂ ነው አሉ። ወረቀቱን በጨረፍታ አየና ዘጋው። ባናሽ ዘንድ ሲደርስ ግን ቀጥ አለ። አጉሊ መነጽሩን አውጥቶ ተንበረከከ። እማ፣ ሰው እንዲህ ሲንበረከክ ያየሁት ስቅለት ለት ብቻ ነው። ጠጉሩን በጣቱ አሸ፣ አሸተተ፣ ዓይኑን ጨፍኖ “ሃይላንድ” አለ። እኔ ውሃ የጠማው መስሎኝ ሮጬ አንድ ሃይላንድ ውሃ አመጣሁለት። ለካ የስኮትላንድን ደጋ ማለቱ ነው። ቀለም ያልነካው የበግ ጠጉር፣ የእጅ ፈትል፣ 1870ዎቹ፣ በሠረገላ ሲሄዱ ጉልበት ላይ የሚጣል ነው አለ። ጥግዋ ላይ ያለችውን ማሙሽ ገብስ ሲቆላ ያቃጠላትን ቀዳዳ አገኘና ድምፁ ተንቀጠቀጠ፦ “ይህች የባቡር ፍንጣሪ ናት! ባለቤቱ በእንፋሎት ባቡር ተጉዟል!” ማሙሽ፣ እንኳን ደስ ያለህ፣ ባቡር ሆነሃል።

“ለመሆኑ አንተ ዘንድ እንዴት ደረሰች?” አለኝ። እኔም ወሬ ላሳምር ብዬ፣ በ1841 ካፒቴን ሐሪስ የሚባል የእንግሊዝ መልእክተኛ ጠመንጃና መድፍ ይዞ አንኮበር ድረስ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እንደመጣ፣ የንጉሡም ዘር ከእኛው ከመንዝ እንደሚመዘዝ ነገርኩት። ወሬዬን ሳልጨርስ “አሃ! ከስጦታው ጋር ሄዳለች ማለት ነው!” ብሎ ጻፈ። የ1870ዎቹ ባና በ1841 እንዴት እንደሄደች እግዜር ይወቅ። የእኛን ዕቃ አይተው የእኛ ነው ማለት ከመቅደላም ወዲህ አልለቀቃቸውም። አላስችል ብሎኝ “ጌታዬ፣ ይህችን የፈተለቻት እናቴ ናት” አልኩት። “በየትኛው ዘመን ነበሩ?” “አሁንም አለች። ባለፈው ሳምንት ደውላ ‘መቼ ነው የምታገባው’ ብላኛለች።” ሰውዬው እንባው እስኪመጣ ሳቀ፤ ቀልደኛ ነህ አለኝ።

እስከዚህ ድረስ እኔም ስቄያለሁ። በኋላ ግን በወረንጦ ከጠጉሩ መሃል አንዲት ሰበዝ አወጣ። ከጣራችን የወደቀች የጓሳ ሣር ናት፤ ስንት ዓመት ሙሉ አብራኝ እንደነበረች አላወቅሁም። በፖስታ ከትቶ ኪሱ ሊያስገባት ሲል እጁን ያዝኩት። “መልስልኝ” አልኩ፤ ድምፄ የራሴ አልመሰለኝም። ሻዩ ቀዘቀዘ፣ አከራዬ ብስኩት ያድሉ ጀመር። መለሰልኝ። ለአንድ ሰበዝ ሣር የሚጣላ ሰው አይቶ አያውቅም መሰለኝ።

ማታ ሁሉም ሲሄድ ባናዋን ለብሼ አረንጓዴ አበባ መሃል ቁጭ አልኩ። ጭስ ጭስ ትላለች። ዓይኔ አለቀሰ፤ የመንዝ ጭስ ብርቱ ነው፣ ሦስት ዓመት ከርሞም ያስለቅሳል። ይልቅስ ሶፋው በዚያ በሌለው እግሩ በኩል ተደፍቶ ሊፈጠፍጠኝ ሲል ነው ወደ ልቤ የተመለስኩት።

ኪራዩ ተትቶልኛል። ሰውዬው ደግሞ ትናንት ተመልሶ መጣና ለባናዋ 400 ፓውንድ አለ። እምቢ አልኩት። (ማሙሽ፣ “40” ብለህ አንብብላት፤ ያለዚያ አንድም በግ አይተርፍም።)

እማ፣ እትዬን ስሚልኝ፤ ድመቷ ግን አሁንም እኔ አይደለሁም። መንገደኛ ካገኘሽ ሌላ ባና ላኪልኝ፤ ይህችን ለራሴ ላስቀራት። ማሙሽ፣ አዲሷን ከማሸግህ በፊት ጥግዋን ከገብሱ ምጣድ ሥር ትንሽ ጠጋ አድርጋት። ብዙም እንዳታቃጥላት፤ ረጅም መንገድ የሄደች አትምሰል፣ ለንደን ደርሳ የተመለሰች ይበቃል።

ልጅሽ