ጎማ ያለው ቤት ጣጣው

ኧረ ምኑን ነግሬ ምኑን ልተው! አርቪ ተከራይቶ ከሲያትል ወደ ሴንት ሄለንስ ተራራ የወጣ ሁሉ ይኼን ምሬት ያውቀዋል። «አልጋችሁም ወጥ ቤታችሁም አብሯችሁ ይሄዳል፣ ታርፋላችሁ» ተብለን ነበር። አብሮን ሄደ፤ ዕረፍቱ ግን የለም። ሲሄድ ጠባቂው፣ ሲቆም አገልጋዩ እኛው ነን።

ሲያከራዩን የነገሩን ዋጋ የመነሻው ብቻ ነበር። ማይሉ ለብቻ፣ ጄነሬተሩ በሰዓት፣ አንሶላው፣ ድስቱ፣ ጽዳቱ ለየብቻ ይታሰባል። ውሉ ላይ ተጽፏል፣ አልካድኩም። ግን ልጆቹን ደጅ ያቆመ ሰው ያን ሁሉ ገጽ መቼ አንብቦ ይጨርሳል?

ካስል ሮክ ላይ ከአይ ፋይቭ አውራ ጎዳና ወጥተን ወደ ተራራው የሚወስደውን 504 ቁጥር መንገድ ያዝን። አሮጌው መንገድ በተራራው የ1980 የእሳተ ገሞራ ፍንዳታ በወረደው ጭቃ ስለተበላ፣ የዛሬው ሸለቆውን ከላይ ይዞ የተሠራ ነው፤ መንገዱስ ሸጋ ነው። ግን ያን የሚያክል መኪና ዳገት ላይ ያለከልካል፣ ከኋላ ሰው ይደረደራል፣ ጥሩምባው ይጀምራል። ምን አድርግ ነው የሚሉኝ? ሆፍስታድ ድልድይ ላይ፣ ከወንዙ ከ110 ሜትር በላይ ከፍታ፣ ነፋሱ ጎኑን ሲገፋው መሪውን በሁለት እጄ ጨብጬ ትንፋሼን ዋጥኩ። ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን የመጣችው እናቴ ከኋላ «ቀስ በል ልጄ፣ ቀስ» ትላለች። በዚያው ቅጽበት የሳጥኑ መዝጊያ ተከፈተ። በነጠላዋ ጠቅልላ ያስቀመጠችው ጀበና ወደቀ፤ አንገቱ ከሥሩ ተቀነጠሰ። ከቤቷ በእጅ ሻንጣ ይዛው የመጣችው ነው። ምንም አላለችም፤ ስባሪውን መልሳ በነጠላዋ ቋጠረችው። ያ ዝምታዋ እስካሁን ያንገበግበኛል። በየኩርባው የሚከፈት ሳጥን መኪና ውስጥ ለምን ይሠራል?

ማታ ደግሞ ካምፑ። ቦታው ከወራት በፊት ካልተያዘ አይገኝም፤ ያገኘነውም የጎረቤት ጄነሬተር ሲያጓራ የሚያመሽበት ነው። ጠዋት የሽንት ቤቱን ፍሳሽ ማፍሰስ አለ። ጓንት አጥልቀህ፣ ወፍራሙን ቱቦ ጉድጓዱ አፍ ላይ ይዘህ፣ ከኋላህ አራት መኪና ሞተር ሳያጠፋ ይጠብቅሃል። ከዚያ በኋላ ቁርስ ማንን ያምረዋል?

ይኼስ ሁሉ ይቻል ነበር፤ የሚያቃጥለው የመንገዱ መጨረሻ ነው። ሴንት ሄለንስ ሜይ 18 ቀን 1980 ጠዋት 2 ሰዓት ከ32 ላይ ሲፈነዳ 57 ሰው ገደለ፤ የተራራው ቁመት 400 ሜትር ያህል አጠረ። ከሟቾቹ አንዱ ዴቪድ ጆንስተን የተባለ የ30 ዓመት የእሳተ ገሞራ ተመራማሪ ነው፤ ተራራውን ሲከታተልበት የነበረው ሸንተረር ዛሬ በስሙ ይጠራል። ልጄ ስለ እሱ ለትምህርት ቤት ጽፏል፤ እዚያ ቆሞ የተራራውን አፍ ፊት ለፊት ማየት ነበር ጉጉቱ። በሜይ 2023 ግን መሬት ተንሸራቶ ወደዚያ የሚያሻግረውን ድልድይ ወሰደው፤ እኛ ስንሄድም ወደ ሸንተረሩ መኪና አያሳልፍም ነበር። ሲያከራዩን የት እንደምንሄድ ጠይቀውን ነበር እኮ! አንዲት ቃል ቢነግሩን ምን ነበረበት?

ከሸንተረሩ በፊት ያለው ኮልድዋተር ላይ ቆመን ጠበቅን። ደመናው ተራራውን እስከ ወገቡ ሸፍኖታል። ልጁ አጥሩን ይዞ አንድ ሰዓት ያህል አልተነቃነቀም። በግራ በኩል ትንሽ መገለጥ ሲጀምር ሰዓቴን አየሁ። መኪናውን እስከ ነገ ጠዋት 4 ሰዓት ካላስረከብን ቅጣት አለ፤ ቁልቁለቱንም በጨለማ መውረድ አይሆንም።

«አባዬ፣ ትንሽ ብቻ» አለኝ፣ ፊቱን ሳያዞር።