ስድስተኛው ጎረቤት

ተረት ተረት። የላም በረት።

በአንዲት የጨው አገር (የወጥ ጨው አይደለም፤ ሊትየም ፍሎራይድ የሚባለው ዘመዱ ነው) ሕዝቡ ሁሉ ተሰልፎ ይኖር ነበር። በንጉሡ መዝገብ «ማንኛውም ነዋሪ ስድስት ጎረቤት አለው» ተብሎ ተጽፏል፦ ከፊት፣ ከኋላ፣ ከግራ፣ ከቀኝ፣ ከላይ፣ ከታች። አንዱ ሲንቀጠቀጥ ስድስቱ ይደግፉታል። የዳር አገር ሰዎች ግን «የእኛ መንቀጥቀጥ ሌላ ነው» እያሉ አቤት ይሉ ነበር። የመሀል አገር መኳንንት «የማይንቀጠቀጥ ማን አለ?» ብለው ሳቁባቸው።

ንጉሡ አጣሪ ላከ። ኤክስሬይ ዳር አገርን ሳያይ አልፎ መሀል አገር ገባና የመኳንንቱን ኑሮ ሲያወራ ተመለሰ። ኒውትሮን ከወዲህ ገብቶ ከወዲያ ወጣ። ኤሌክትሮን እንኳ ከጥቂት ረድፍ አልዘለቀም፤ ነገር ግን ይህ ጨው በኤሌክትሮን ሲደበደብ ይፈርሳልና፣ የሚጣራው ሰፈር ራሱ ተጎድቶ ተገኘ። አጣሪ በመጣ ቁጥር ቤት የሚፈርስበት አገር ይህ ብቻ አይደለም።

በመጨረሻ ሂሊየም ተጠራ። ወዳጅ የለው፣ ጠላት የለው፤ ከማንም ጋር ማኅበር አይጠጣም። ጉልበቱ የአንድ ኤሌክትሮን ቮልት ጥቂት መቶኛ ብቻ ስለሆነ መኳንንቱ ናቁት። አልገባቸውም እንጂ፣ ሺህ ብር የያዘ መንገደኛ አንድ ሳንቲም ቢወድቅበት አያውቀውም፤ አምስት ሳንቲም የያዘው ግን ወዲያው ይሰማዋል። የዳር አገር መንቀጥቀጥም የሳንቲም ያህል ነበር።

የአየር ቅንጣት መንገድ ላይ ገፍቶት ወሬውን እንዳያበላሽ፣ መንገዱ ባዶ ተደረገ። ሂሊየሞቹ በጠባብ ቀዳዳ ተፈትልከው፣ እርምጃቸው አንድ ሆኖ፣ በሚሽከረከር በር በኩል በየተራ ተለቀቁ። ማንም ቤት አልገቡም፤ ከሰፈሩ የኤሌክትሮን ደመና ጠርዝ ደርሰው ከደጅ ተመለሱ። አንድ ቃልም አልተናገሩም። በረኛው የደረሱበትን ሰዓት ብቻ መዘገበ፦ ፈጥኖ የመጣው ከሰፈሩ መንቀጥቀጥ ተቀብሏል፤ የዘገየው ሰጥቶ መጥቷል።

ሲሰላ፣ ዳር አገር እውነቱን ኖሯል። ደጋፊ ስለጎደለው፣ ከመሀል አገሩ ማዕበል ሁሉ የዘገየ፣ ላይ ላዩን ብቻ የሚሄድ ማዕበል ነበረው። እንግሊዛዊው ሎርድ ሬይሊ እንዲህ ያለ ማዕበል እንዳለ እ.ኤ.አ. በ1885 በወረቀት አስልቶ ነበር። ፒተር ቶኒስና ባልደረቦቹ ጀርመን፣ ጎቲንገን ላይ ሂሊየም ልከው በዚሁ ጨው ላይ ለክተው ያሳተሙት ግን በ1980 እና በ1981 ነው። አቤቱታ አንዳንዴ እንዲህ ይቆያል።

ንጉሡ ዘገባውን ሰምቶ «ታዲያ ስድስተኛው ጎረቤታቸው ማን ነው?» አለ።

«ከላይ የሚቆመው ነበር ጃንሆይ። የለም።»

ሂሊየም ካባ ተሸለመ። መዝገቡ ዛሬም ስድስት ይላል።