የባሕረ ሐሳብ ፕሮግራሙን ስሕተት ላለማግኘት ለሚሻ ሰው

በሰቆጣም ሆነ በቀሩት የዋግ ደጋማ ቀበሌዎች፣ ከሥራና ከትምህርት ሰዓት በኋላ ላፕቶፑን ከፍቶ፣ ለትርፍ ሳይሆን ለጥበብ ፍቅር ብቻ፣ ሊቃውንት ለእስክንድርያው ድሜጥሮስ የሚሰጡትን፣ በዓላትና አጽዋማት የሚወጡበትን የባሕረ ሐሳብ ቀመር በፓይተን ሊጽፍ የተነሣ ወጣት፣ በጽሑፉ ውስጥ የተሸሸገችውን ጥቂት ስሕተት ዕድሜ ልኩን ላለማግኘት ቢፈቅድ፣ መንገዱን እነሆ እጽፍለታለሁ፤ የምጽፍለትም የሌሊት ድካሙ ስለሚያሳዝነኝና የጥፋቱን ጎዳና አስቀድሞ ያወቀ ሰው ከእርሱ መራቅ አይሳነውም ብዬ ስለማምን ነው።

በቅድሚያ ጥርጣሬውን ወደ ታላላቁ ነገር ያቅና። ፕሮግራሙ አልሄድ ሲል ላፕቶፑን፣ መብራቱን፣ የፓይተኑን እትም ይክሰስ እንጂ፣ ማሽኑ ራሱ ስሕተቱ እዚህ ነው ብሎ የጠቆመውን መስመር አያንብብ። በዚያ መስመር ጫፍ፣ የላቲኑ ሁለት ነጥብ በሚገባበት ስፍራ፣ የፊደል ገበታው ከአማርኛ ሳይመለስ ቀርቶ የግእዙ ሁለት ነጥብ ገብቶ ይሆናል፤ ሁለቱ ለዓይን መንታ ሲሆኑ ለማሽኑ ግን ፈጽሞ ባዕድ ናቸው። ደግሞም ያረመውን ሳያስቀምጥ አሮጌውን ደጋግሞ ያስኪድ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ቀመሩን በአንድ ዓመት ብቻ ፈትኖ መርካት ነው። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ተጨምሮ የተገኘው ዓመተ ዓለም ለ19 ይካፈላል፤ ከቀሪው አንድ ሲነሣ ወንበር ይሆናል። ቀሪ በጠፋ ጊዜ ግን 19 እንደ ቀረ ተቆጥሮ ወንበሩ 18 መሆን ሲገባው፣ ይህ ያልተነገረው ፕሮግራም ከባዶ ላይ አንድ ቀንሶ ከዜሮ በታች ይወርዳል። 7505 ለ19 ያለ ቀሪ ስለሚካፈል 2005 ዓ.ም. እንዲህ ያለ ዓመት ነበረ። ከወንበሩ የሚሰላው የዚያ ዓመት አበቅቴ 18፣ መጥቅዑ 12 ሲሆን፣ ፓይተን አበቅቴውን 19፣ መጥቅዑን 11 ያደርገዋል፤ ድምራቸው በሁለቱም ወገን 30 ነውና በድምር የሚፈትን ሰው ይታለላል። ይባስ ብሎ መጥቅዑ የሚውልበት ጥቅምት 12 ሰኞ ስለ ነበረ ተውሳኩ፣ ማለት እንደ ዕለቱ በመጥቅዑ ላይ የሚጨመረው ቁጥር፣ 6፣ በስሕተቱ የሚወጣው ጥቅምት 11 እሑድ ስለ ነበረ ተውሳኩ 7 ሆኖ፣ መጥቅዑና ተውሳኩ ሲደመሩ በስሕተቱም በእውነቱም ጾመ ነነዌ የካቲት 18፣ ፋሲካ ሚያዝያ 27 ይወጣል። በ2024 ዓ.ም.ም ስሕተቱ እንዲሁ ተሸፍኖ ያልፋል። በ2043 ዓ.ም. ግን ጥቅምት 12 ቅዳሜ ይውላል፤ የቅዳሜ ተውሳክ 8፣ የዓርብ 2 ነውና፣ እውነተኛው ነነዌ የካቲት 20 ሲሆን ፕሮግራሙ የካቲት 13 ይላል፤ ፋሲካንም አንድ ሳምንት ሙሉ ያስቀድማል።

ይህን ሁሉ በአንድ ጥያቄ የሚገልጡ መምህራን በአድባራት አሉና፣ ስሕተቱን ሊያኖር የሚሻ ሰው ወደ እነርሱ አይሂድ፤ «የኔታ፣ ቀሪ ሲጠፋ ወንበሩን ስንት ይሉታል?» ብሎ አይጠይቅ፤ ለጓደኛውም መስመር በመስመር፣ በአማርኛም ሆነ በአገውኛ፣ ጮክ ብሎ አያስረዳ፤ በማስረዳት መካከል ስሕተቱ ከገዛ አፉ ይወጣልና።

ተራ ስሕተት የጀማሪ ብቻ ነው ብሎም ይመን። የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ወደ ማርስ የላካት የጠፈር መንኰራኵር በ1999 እ.ኤ.አ. የጠፋችው፣ አንዱ ወገን የግፊቱን ኃይል በእንግሊዝ መለኪያ ሲያሰላ ሌላው በሜትር ሥርዐት ስለ ተቀበለው መሆኑን አያንብብ።

ስሕተቱ ድንገት ተገልጦ ቢታረም እንኳ፣ 2005ን፣ 2024ንና 2043ን ከነአበቅቴያቸውና ከነመጥቅዓቸው መፈተኛ አድርጎ ከፕሮግራሙ ጋር አያኑር፤ ያን ጊዜ ቀመሩን ዳግመኛ ሲያሻሽል ያችው ስሕተት ያለ ከልካይ ትመለሳለች።