የጓዳ ቤተ ሙከራ ዕቃዎች አመዳደብ፤ ከሰበታ እስከ ሱሉልታ

የዚህ ጥናት ዓላማ በቤቱ ኬሚስትሪ የሚሞክር ሰው በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ዕቃውን በርካሽ ከየት እንደሚያገኝ መመርመር ነው። ሦስቱ ከተሞች በጅማ፣ በአምቦና በጎጃም በር አዲስ አበባን ከበው የተቀመጡ ሲሆን ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃልለዋል። ከሦስቱም አንድ ቢከር ለመግዛት መርካቶ መውረድ ያስፈልጋል። የታክሲው ደርሶ መልስ፣ ሰልፉና መንገድ ላይ የተበላው ቆሎ ሲደመሩ ቢከሩ ቡፌ ውስጥ ተቆልፎበት ለእንግዳ የሚታይ ንብረት ይሆናል። ስለዚህ የአካባቢው ኬሚስት ፊቱን ወደ ጓዳ መልሷል። ጓዳው ግን ባለቤት አለው፤ ባለቤቱም እናት ናት።

ዕቃዎቹ በሦስት ታላላቅ ምድቦች ይከፈላሉ።

የመጀመሪያው ምድብ ማንም ምንም ሳይጠይቅ የሚሸጣቸው ናቸው፤ አቼቶ፣ ጨው፣ ሎሚ፣ ቤኪንግ ሶዳ። እዚህ ላይ ከእርድ በስተቀር ብዙ የሚባል የለም። አሲድንና ቤዝን ለመለየት ላቦራቶሪዎች ሊትመስ ወረቀት ይገዛሉ። የእኛ ሰው እርድ በአልኮል በጥብጦ ነጭ ወረቀት ይነክርበታል፤ ወረቀቱ የሳሙና ውኃ ሲነካው ይቀላል፣ ሎሚ ሲጨመቅበት ወደ ቢጫው ይመለሳል። ነጠላዋ ላይ አልጫ ወጥ ፈሶባት በሳሙና ስታሽ እድፉ ደም መስሎ የቀላባት ሴት ሁሉ ይህን ሙከራ ሠርታለች፤ ውጤቱን ግን ያተመላት መጽሔት የለም። የልብስ እጥበት ለሳይንስ የዋለውን ውለታ የሚጠራጠር ካለ ዶክተር አክሊሉ ለማን ያስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፤ ቢልሃርዝያ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች በእንዶድ የመግደል ምርምራቸው የተነሣው ከዚያ ነው።

ሁለተኛው ምድብ በምርመራ የሚሸጡት ናቸው። ባለ 5 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ለፈሳሽ መለኪያነት ከፒፔት ብዙም አያንስም፤ ዋጋውም አይከብድም። ነገር ግን ፋርማሲ ገብቶ ያለ መርፌ የጠየቀ ሰው «የታመመው ማን ነው?» ይባላል። ማንም አልታመመም ካለ ጥርጣሬው ይጠናል። ልምድ ያለው ኬሚስት «ለድመቷ ነው» ይላል። የተጣራ ውኃም እንዲሁ ነው፤ የሚገኘው «የባትሪ ውኃ» በሚል ስም በነዳጅ ማደያና በመለዋወጫ ሱቅ ነው። ሻጩ «መኪናህ ምንድን ናት?» ሲል፣ መኪና የለኝም ማለት ወሬ ያስረዝማል፤ «ኮሮላ» ብሎ መገላገል ይሻላል። እዚያው መደርደሪያ ላይ የሚቀመጠው የባትሪ አሲድ ግን ሰልፈሪክ አሲድ ነው፤ ዓይን ያጠፋልና ይህ ጥናት አይፈልገውም።

ሦስተኛው ምድብ ጠርሙስና የጠርሙስ ዘመዶች ናቸው። ከነዚህ መካከል ወንበር የሚለቀቅለት ብርሌ ነው። ሆዱ ክብ፣ አንገቱ ረጅም በመሆኑ ፈረንጅ ኬሚስቶች ፈሳሽ ከሚያፈሉበት ፍላስክ ጋር በመልክ አንድ ነው። ልዩነቱ የነሱ እሳት በሚችል ቦሮሲሊኬት መሠራቱ፣ የእኛ በጠጅ ብቻ መፈተኑ ነው። ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ የተባለው በተራ ብርጭቆ ላይ ነውና ምድጃ ላይ የጣደው ሰው ተረቱን በገንዘቡ ያረጋግጣል። ሰበታ ደግሞ የሜታ ቢራ አገር ስለሆነች በቡናማ ጠርሙስ አትታማም። ብርሃን የሚያበላሸውን ነገር ለማስቀመጥ ቡናማ ጠርሙስ ተመራጭ ነው፤ ቢራም የሚሞላበት ለዚሁ ነው። ችግሩ ግሮሰሪው ጠርሙሱን ያለ ማስያዣ አይለቅም፣ ቢራው ሳይጠጣም ባዶው አይገኝም። በዚህ መንገድ ኬሚስትሪን የተዉ ሰዎች አሉ።

ያገለገለ ጠርሙስና ብልቃጥ በብዛት ያለው ቆራሌው ዘንድ ነው። ቆራሌው ግን በሙያው ገዢ ነው። «ቆራሌው!» እያለ ሲያልፍ ያስቆሙት እንደሆነ «ምን አለ የሚሸጥ?» ይላል። «የምገዛው እኔ ነኝ» ሲሉት ጆንያውን መሬት ያወርድና ቀና ብሎ ያያል።

«ምን ሊያደርግልህ ነው፣ ወንድሜ?»

«ለሙከራ።»

ከዚህች ቃል በኋላ ከጎረቤት ከሌላ ኮተት ጋር በምርቃት የተቀበለው የመድኃኒት ብልቃጥ ቅርስ ይሆናል። ወደ ፀሐይ ያነሣዋል፣ ያዟዙረዋል፣ በጣቱ አንኳኩቶ ያዳምጠዋል፤ ከዚያ «የውጭ ነው» ይላል። የዋጋ ድርድሩ ከዚህ ይጀምራል።

በነፃ የሚገኘውና ቀሪውን ጥናት በሙሉ የሚወስደው ሃይላንድ ነው። የውኃው ስም ማንም ይሁን ማን ባዶው የፕላስቲክ ጠርሙስ ሃይላንድ ይባላል። የታሸገ ውኃ ፋብሪካዎች ያሉባት ሱሉልታ በዚህ ሀብት ትመካለች። የከተማዋ ከፍታ ከ2,500 ሜትር በላይ ስለሆነ ውኃ እዚያ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ይህ ግን ሃይላንድን አያድነውም፤ ፕላስቲኩ 70 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ለስልሶ ይጨማደዳል።

ሃይላንድ በይዘቱ አይመደብም፤ ይዘቱ ሁልጊዜ ውኃ ይመስላልና። የሚመደበው በተቀመጠበት ቦታ ነው። ከሥዕለ ማርያም ሥር የተገኘ ጠበል ነው። ከቁም ሣጥን ጀርባ የተገኘ አረቄ ነው፤ ባለቤቱም አባት ነው። ሽንት ቤት በር ላይ ያለው በረኪና፣ ከቡታጋዝ አጠገብ ያለው ነጭ ጋዝ ነው። ፍሪጅ በር ላይ ያለው ውኃ ነው ተብሎ ይታመናል።

ጠበል በክዳን ቀለም ንዑስ ምድቦች አሉት፤ «ሰማያዊ ክዳን ያላት የጻድቃኔ ናት፣ ነጯ የእንጦጦ፣ አረንጓዴዋን እንዳትነካት።» አረንጓዴዋ የየት እንደሆነች እማዬ እስከ ዛሬ አልገለጸችም። ኬሚስቱ የሶዳ ብጥብጡን በሰማያዊ ክዳን ዘግቶ መደርደሪያው ላይ ረስቶ የሄደ ዕለት ቤቱ ማታ በሙሉ እምነት ተረጨ። ጠዋት ወለሉ ላይ ነጭ ብናኝ ደርቆ ታየ። እማዬ እልል አለች፤ ኬሚስቱም ለሳይንስ ሲል ዝም አለ።

በረኪና ወደ ሃይላንድ ሲገለበጥ ሌላ ጣጣ አለ። ፋብሪካው ብርሃን በማያስገባ ዕቃ የሚሞላው ብርሃን ኃይሉን ስለሚያዳክመው ነው፤ ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር ከተቀላቀለ ደግሞ ክሎሪን ጋዝ ይወጣዋል፤ ሳንባ ያቃጥላል።

ከክዳን ቀለም ቀጥሎ የክዳን ጥርስ አመዳደብ ታስቦ ነበር፤ ቀርቷል። ሕፃን ልጅ ክዳን አይመድብም፤ ሃይላንድ ካየ ይጠጣል። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ አንድ ጥቅል ፕላስተርና አንድ እስክሪብቶ ፈልግና ዛሬ ማታ በየጠርሙሱ ላይ የያዘውን ጻፍበት። ነጭ ጋዝ የጠጣ ልጅ ካጋጠመህ እንዲያስመልስ አታስገድደው፤ ወደ ሳንባው ይገባበታል። ቀጥታ ጤና ጣቢያ ውሰደው፤ ጠርሙሱንም ይዘህ ሂድ።