ቆቦ ተኑሮ የዓይን ቆብ ይከደናል?

«ዓይን ውስጥ ፕላስቲክ? የቆቦ ፀሐይ ታቀልጠዋለች!» አልክ አሉ፣ ማሽላ ተራ መሀል ቆመህ። አያ፣ ቀስ! የዓይን ሞራ ሲወጣ የሚተካው ጠንካራው ሌንስ የሚለሰልሰው ከመቶ ዲግሪ በላይ ነው። እስከዚያ አንተ ፈልተህ፣ ገንፍለህ፣ እሳቱንም አጥፍተሃል።

ደግሞ ይሄን ፕላስቲክ አትናቀው። የተዋጊ አውሮፕላን መስኮት ስባሪ ፓይለቶች ዓይን ውስጥ ገብቶ ዓይኑ እንዳልተቆጣ ልብ ያለው እንግሊዛዊው የዓይን ሐኪም ሃሮልድ ሪድሊ ነው። በ1949 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ከዚያው ዘር ሌንስ አሠርቶ ተከለ። ተዋጊው ስፒትፋየር የታመነበትን አንተ ጋሪ ላይ ተቀምጠህ ታጣጥላለህ!

«ሞራው በጠብታ ይሟሟል» ደግሞ አልክ። የበግ ሞራ መሰለህ? የራስህ ሌንስ ነው የሸበተው፤ ይወጣል፣ ምትኩ ይገባል፣ አለቀ። የድሮ ሞራ ገላጭ በግ አርዶ የሚመጣውን ይነግረን ነበር። ያሁኑ ሞራ ገላጭ በጉን ሳይነካ የሚመጣውን ሰው ያሳየናል። በ1998 ዓ.ም. የተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከዓይነ ስውሮቻችን ግማሽ ያህሉን ያሳወረው ሞራ ነው ብሏል። ያንተን ምክር ሳይቆጥር ነው እንግዲህ።

«እሺ፣ ውዱን ልጄ ከዓረብ አገር ትልክልኛለች!» ሌንስ ሽቶ ነው እንዴ? እንደ ጫማ ቁጥር አለው። የዓይንህ ርዝመትና የፊቱ ኩርባ ተለክቶ ነው የሚመረጥ። ዓይነቱም ይለያያል፦ ጠንካራው ሲገባ ዓይንህ ላይ ሰፋ ያለ በር ይፈልጋል፤ ታጣፊው እንደ እንጀራ ተጠቅልሎ በጠባቡ ይሾልካል። ባለ አንድ እይታው አብዛኛውን ጊዜ ለሩቅ ይስተካከላል፤ መርፌ ውስጥ ክር ለማስገባት መነጽር ትለምናለህ። ባለ ብዙ እይታው ሩቁንም ቅርቡንም ይሞክራል፣ ግን ማታ መብራት ዙሪያ ቀለበት ሊያሳይህ ይችላል። ባጃጅ አክሊል ደፍቶ ሲመጣ ቅዱስ ሩፋኤል መስሎህ መንገዱ መሀል እንዳትሰግድ!

«ርካሹማ ርካሽ ነው» አልክ። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የፍሬድ ሆሎውስ ፋውንዴሽን አስመራና ካትማንዱ ላይ የሌንስ ፋብሪካ አቋቁሞ፣ ከመቶ ዶላር በላይ የነበረውን ከአስር በታች አወረደው። የወረደው ዋጋው ነው፤ እይታውማ ማማ ላይ ነው!

ካላመንክ እትዬን ጠይቃት። ያንን «ርካሽ» አስገብታ ማማዋ ላይ ወንጭፍ ይዛ ተቀምጣለች። ማሽላው ላይ ያረፈችውን ወፍ ለይታ ታያለች። ትናንት ደግሞ የተበደርከውን ሁለት ቁና ሳትመልስ በጓሮ ስትሾልክ አይታሃለች።