ስም ብቻ የሚጠይቅ ደላላ

ፕሮግራመር ሁሉ የራሱን ቋንቋ ያወድሳል። የፓይተኑ «በሦስት መስመር እጨርሰዋለሁ» ይላል። የረስቱ ስለ ሜሞሪ ደኅንነት ካልሰበከ ምሳው አይወርድለትም። የሲ ፕላስ ፕላሱ ዝም ብሎ ይሰቃያል። «ኑ፣ አንድ ፕሮግራም ውስጥ አብራችሁ ግቡ» ሲባሉ ግን ኩራቱ ሁሉ ይቀርና በሲ ማውራት ይጀምራሉ። ዴኒስ ሪቺ ቤል ላብስ ውስጥ በ1970ዎቹ መጀመሪያ (በፈረንጅ አቆጣጠር) የሠራት ያቺ አጭር ቋንቋ ሳትመረጥ የሁሉም መግባቢያ ሆና ቀርታለች። ሲን እተካለሁ ብሎ የመጣው ረስት እንኳ ከጎረቤት ጉዳይ ሲኖረው በሩን የሚያንኳኳው በሲ ነው።

ይህን ሁሉ ያወቅሁት ወድጄ አይደለም። ጡረታ የወጡ አንድ መሐንዲስ በወጣትነታቸው በፎርትራን የጻፉት የውኃ ፍሰት ስሌት ነበረ፤ እሱን በሲ ፕላስ ፕላስ ከተጻፈ አዲስ ፕሮግራም ጋር አንድ ፋይል አድርገህ አምጣ ተባልኩ።

«ጋሼ፣ እንደገና ብጽፈው አይሻልም?» አልኳቸው።

በመነጽራቸው ላይ አሻግረው አዩኝ። «ልጄ፣ ይሄ ኮድ እኮ ትክክል ነው።»

ምን ይመለሳል? ትክክል የሆነን ኮድ እንደገና የሚጽፍ ሰው አዲስ ስህተት ፍለጋ የወጣ ሰው ነው። ዓለሙም ቢሆን የሚያስበው እንደ ጋሼ ነው። ዛሬ ፓይተን ከፍቶ በሳይፓይ ማትሪክስ የሚያስፈታ ተማሪ፣ ከሥር ሆኖ የሚለፋለት በፎርትራን ተጽፎ በ1992 የወጣው ላፓክ የተባለ የስሌት ስብስብ ነው። የሚሠራው ፎርትራን፣ የሚመሰገነው ፓይተን።

ነገሩ ሲወራ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ኮምፓይለር የቋንቋውን ጽሑፍ ወደ ኦብጀክት ፋይል ይለውጣል። እዚያ ውስጥ የማሽን ትእዛዝ አለ፤ ከትእዛዙ ጋር ደግሞ «እኔ ዘንድ ያለው ይሄ ነው፣ የጎደለኝ ይሄ ነው» የሚል የስም ዝርዝር አለ። ሊንከር የሚባለው ፕሮግራም ዝርዝሮቹን ይዞ ያለውን ከሌለው ያገናኛል። በቃ፣ ደላላ ነው። ስም ከገጠመለት ስለ ጠባይ አይጠይቅም። አንዱ ወገን ሙሉ ቁጥር፣ ሌላው አስርዮሽ ቢጠብቅ ምን ገዶት! አገናኝቶ፣ ኮሚሽኑን ተቀብሎ ይሄዳል። ጠቡ የሚፈነዳው ፕሮግራሙ ሥራ ሲጀምር ነው፤ ያኔ ደላላው የለም።

ስሙንም ቢሆን ማጋጠም ቀላል እንዳይመስላችሁ። ጂ-ፎርትራን የሚባለው የፎርትራን ኮምፓይለር የሰጡትን ስም በትንንሽ ፊደል ይለውጥና መጨረሻው ላይ አንዲት የሥር ሰረዝ ይሰካል። ከእሱ በፊት የነበረው ጂ-77 ደግሞ ስሙ ውስጥ አስቀድሞ ሰረዝ ካየ ሁለት ይጨምር ነበር፤ ለምን አንድ አነሰው እንደሆነ እንጃ። ሲ ፕላስ ፕላስ ይብሳል። አንድ ስም ለብዙ ፈንክሽኖች መስጠት ስለሚፈቅድ፣ እንዳይምታቱበት የሚቀበሉትን የዳታ ዓይነት ከስሙ ጋር ይሰፋዋል። ሁለት ሙሉ ቁጥር የሚደምረው ምስኪኑ «አድ» በጂሲሲ ኮምፓይለር እጅ ሲያልፍ «ሰረዝ-ዜድ-3-አድ-አይ-አይ» ሆኖ ይወጣል። 3 የፊደሎቹ ብዛት ነው፤ ሁለቱ አይ ሁለቱ ሙሉ ቁጥሮች ናቸው። ይህን ስም ይዞ ፎርትራን ሰፈር ቢፈልጉት ማን ያውቀዋል? ሊንከሩ «አንዲፋይንድ ሬፈረንስ» ብሎ ይመልሳችኋል። መድኃኒቱ «ኤክስተርን ሲ» ብሎ መጻፍ ነው፤ ስሙን እንዳለ ተወው ማለት ነው። አሁንም ሲ!

ጋሼ የጠባዩን ነገር አስቀድመው ነገሩኝ። ፎርትራን ማትሪክስን በዓምድ በዓምድ ያስቀምጣል፤ ሲ በረድፍ በረድፍ። «ገልብጠህ ካልሰጠኸው ወንዙን ሽቅብ ያፈሰዋል» አሉኝ። ፎርትራን መቁጠር የሚጀምረው ከ1 ነው፣ ሲ ከዜሮ። በዚህ ላይ ጋሼ አቋም አላቸው፦ «ለመሆኑ የበኩር ልጅህን ዜሮኛ ልጄ ነው ትላለህ?» ጽሑፍ ሲሆን ደግሞ ፎርትራን ርዝመቱን ለብቻው በስውር ይልካል፤ ሲ ግን ዜሮ ባይት እስኪያገኝ ማንበቡን አያቆምም፣ ካላገኘም የሰው ሜሞሪ ውስጥ ገብቶ ያነባል።

እኔን ከሁሉም የገረመኝ ግን ፎርትራን ለፈንክሽን በልማዱ የቁጥሩን ዋጋ ሳይሆን የተቀመጠበትን አድራሻ መላኩ ነው። በአንዳንድ የጥንት ኮምፓይለሮች 4 ብለው ልከው ተቀባዩ 5 ቢያደርገው፣ ከዚያ ወዲያ 4 የተባለው ሁሉ 5 ሆኖ ያርፍ ነበር። ይህን ለጋሼ ሳነሳባቸው «ያኔ ሰው ይጠነቀቅ ነበር» ብለው ዘጉት።

የተጣላነው ግን በዚህ አይደለም። የፎርትራን 2003 ደረጃ «ባይንድ ሲ» የሚል ማዕረግ አምጥቷል፤ ፈንክሽኑ ላይ ከጻፉት ስሙም አጠራሩም በሲ ደንብ ይሆናል። ጋሼን በኮድዎ ላይ እሱን ልጨምርበት ብላቸው ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ፎርትራን የወጣው በስንት ነው?»

«በ1957።»

«ያኔ ሲ ነበረ?»

«አልነበረም ጋሼ።»

«ታዲያ ታላቅ ነው በታናሹ ስም የሚጠራው?»

በመጨረሻ ተስማማን። የእሳቸው ፋይል አይነካም። «ባይንድ ሲ» የሚለው በሌላ አጭር የፎርትራን ፋይል ይጻፋል፤ ያ ፋይል የሳቸውን ይጠራል። ጋሼ አሁንም አልለቀቁኝም፦ «ጠሪው ማን ነው፣ ተጠሪውስ?» አሉ።

«የሚመጣው አዲሱ ነው ጋሼ፤ የእርስዎ ባለበት ቁጭ ብሎ ይመልሳል።»

«እንደዚያ ከሆነ ደግ!» አሉ። መልሱን አዲሱ ፋይል የሚያደርሰው በሲ ደንብ መሆኑን አልነገርኳቸውም።