ሮዳጅ ላይ ያለ ሽጉጥ

«ሮዳጅ ላይ ነው ወንድሜ፣ ትንሽ ታገሠው!»

አዲስ ሽጉጥ ገዝቶ ጥይት ሲቀረቀርበት ከሻጩ ይህን ያልተባለ የየካ ነጋዴ ካለ እጁን ያውጣ። መኪና ሮዳጅ አለው፣ እሺ፤ ከመገናኛ ሰንዳፋ ቀስ እያልክ ታመላልሰዋለህ። የሽጉጥን ሮዳጅ የት ላውጣው? ጓሮዬ አንዲት ጥይት ብትጮህ ኮተቤ በሙሉ ግልብጥ ብሎ ይወጣል፤ ፖሊስም ይመጣል። እንጦጦ ጫካ ልሂድ እንዳልል፣ ጎህ ሲቀድ ሯጩ፣ ማገዶ የተሸከሙት እናቶች፣ ፓርኩ በ2013 ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ ሙሽራው ከነሚዜው እዚያው ነው። ያለችኝም ጥይት እፍኝ አትሞላም። ለሮዳጅ ከጨረስኳት ለክፉ ቀን ምን ልይዝ ነው?

ሕመሙ ሳይተኮስም ይታያል። ካርታውን አስገብተህ ስታቀባብል የላይኛው ብረት ወደ ኋላ ይሄድና ሲመለስ ግማሽ መንገድ ላይ ቀጥ ይላል። ጠጋ ብለህ ስታይ ጥይቷ አፍንጫዋን ወደ ላይ ቀስራ ተቀርቅራለች። ካርታውን ነቅለህ፣ ብረቱን ስበህ ታወጣታለህ። ቀጣይዋ በሰላም ትገባለች፤ ከእሷ በኋላ ያለችው እንደገና ትቀረቀራለች። እርግጡን ብታውቀው እኮ ይሻል ነበር! ከዚያ ምክሩ ይዘንባል። አንዱ «ደርቆ ነው፣ ዘይት ቀባው» ይላል። ሌላው «ዘይት በዝቶበት ነው፣ ጥረገው» ይላል። የካርታው ሞላ ልል ነው የሚለውም አይጠፋም፤ ምናልባት እውነቱ እሱ ጋ ነው፣ ግን ትክክለኛውን ሞላ ከየት ታመጣለህ? ሾላ ያለው ባለ ቶርኖ ገና ሽጉጡን ከጨርቁ ስትፈታው እጁን ይሰበስባል። አልፈርድበትም።

እኔ እንኳ ደረሰኝም ፈቃድም አለኝ። በሱዳን በኩል በኮንትሮባንድ የገባውን የቱርክ ሽጉጥ የገዛው ሰውዬ ምን ይበል? ከነዚያ መካከል መጀመሪያ ድምፅ ብቻ እንዲያሰሙ ተሠርተው፣ ኋላ እውነተኛ ጥይት እንዲተኩሱ የተለወጡ ነበሩ። ብረታቸው ያንን ጉልበት ሊችል አልተሠራም፤ ባለቤቱን ሊጎዱትም ይችላሉ። የጦር መሣሪያ አዋጁ ቁጥር 1177/2012 ከወጣ በኋላ ደግሞ «ተታለልኩ» ብሎ መክሰስ ራስን አሳልፎ መስጠት ነው። ሻጩ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል፤ ስልኩን ያጠፋውም ለዚሁ ነው።

ድሮ ግን እዚሁ እንጦጦ ተራራ ላይ ያለቀሰው ሻጩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1887 ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ወደ 2,000 የሚጠጋ ጠበንጃ በግመል አስጭኖ ከታጁራ አንኮበር ደረሰ፤ ንጉሥ ምኒልክ እዚያ ስላልነበሩ እንጦጦ ድረስ ተከተላቸው። ጠበንጃው ዘመኑ ያለፈበት ባለ ካፕሱል ነበር። ምኒልክ ደግሞ ገና ከሐረር ድል መመለሳቸው ነው፤ ከግብፆች የቀረ ዘመናዊ መሣሪያ በእጃቸው ገብቷል። ዋጋውን ሰበሩበት፣ የሟች ሸሪኩን የላባቱን ዕዳ ቀነሱበት፣ የቀረውን «ሐረር ሂድና ከገዥው ከመኮንን ተቀበል» አሉት። ሰውዬው በደብዳቤው አማረረ። እኔ በበኩሌ ለራምቦ አላዝንለትም፤ አሮጌ ብረት ይዞ የመጣ ነጋዴ እንደዚያ ሲደረግ ማየት ደስ ይላል።

ለእኛ ማን እንዲህ ይቁምልን? ፈቃድ ላሳድስ ስሄድ ሠራተኛው መነጽሩን አድርጎ የሽጉጡን ቁጥር ከወረቀቱ ጋር አመሳከረ፣ አንድ ቁጥር ደብዝዞ ስለነበር በጨርቅ አሽቶ እንደገና አነበበ። ስለ መቀርቀሩ ልነግረው አፌን ስከፍት «ቁጥሩ ልክ ነው፣ ቀጣይ!» አለ።